ጄምስ ጄመርሰን፦ ዘፈኑን ተሸክሞ ስሙ ያልተጻፈለት የቤዝ ጊታር ተጫዋች

አገር ቤት ያለ ወንድማችሁ ወይም የአክስታችሁ ልጅ ደውሎ፣ ለእረፍት ስትመጡ ቤዝ ጊታር ይዛችሁልኝ ኑ ብሏችሁ ያውቃል? ከጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቁሟል። በየሰርጉና በየምሽት ቤቱ የታወቁ ዘፋኞችን ዘፈን ይጫወታሉ። እናንተም ዕረፍት በወጣችሁበት ቀን የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ጎራ ትላላችሁ። ዋጋውን ስታዩ ትደነግጣላችሁ። አንዱ የወር ደመወዛችሁን ያህላል፣ ሌላው የሦስት ወር። የትኛው ይሻላል? ደግሞስ የዚያ ባለ አራት ክር ዕቃ ድምፅ ዘፈኑ ውስጥ የቱ ጋ ነው ያለው?

ዛሬ ታሪኩን የማጫውታችሁ ሰው ለሁለቱም ጥያቄ በሕይወቱ መልስ ሰጥቶ ያለፈ ነው። ጄምስ ጄመርሰን ይባላል። ስሙ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የጣቱን ሥራ ግን በሬዲዮ፣ በታክሲ ውስጥ ወይም በፊልም ላይ ሳትሰሙት አልቀራችሁም።

በቅድሚያ ስለ ቤዝ ጊታር ጥቂት ልበል። የዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እንግዳ ዶሮውን፣ እንቁላሉንና በርበሬውን ያመሰግናል። ሽንኩርቱን የሚያመሰግን ግን የለም። ይሁንና ሽንኩርቱ በደንብ ካልቁላላ ወጡ ወጥ አይሆንም። ቤዝም በዘፈን ውስጥ እንደዚያው ነው። ድምፁ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው፤ ከድራሙ ጋር ተጣምሮ ምቱን ይይዛል፤ ዘፋኙ የሚቆምበትን ወለል ያነጥፋል። ሲኖር ልብ አይባልም፣ ሲጠፋ ዘፈኑ ባዶ ይሆናል። ዐረቦች ከመጋረጃ ጀርባ ለሚለፋ ሰው «አል-ጁንዲ አል-መጅሁል» ይላሉ፤ ያልታወቀው ወታደር ማለት ነው። ጄመርሰን እንዲያ ያለ ወታደር ነበር።

ከደሴት ወደ ፋብሪካ ከተማ

ጄመርሰን የተወለደው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጥር 29 ቀን 1936 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) የትውልድ ቦታው በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና፣ ከቻርልስተን ከተማ አጠገብ ያለችው ኤዲስቶ ደሴት ናት። በከፊል ያሳደጉት አያቱ ፒያኖ ይጫወቱ ነበር፤ አክስቱ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ትዘምር ነበር። በልጅነቱ እንጨት ላይ ላስቲክ ወጥሮ፣ እንጨቱን የጉንዳን ጉድጓድ ላይ ተክሎ፣ ጉንዳኖቹን አስጨፍራለሁ እያለ ላስቲኩን ይመታ እንደነበር ይነገራል። የመጀመሪያው ቤዝ ያ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዋጋውም ምንም።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮችን በሕግ ከነጮች የሚለይ አገር ነበር። ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ባሉት ዓመታት ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ሥራና የተሻለ ኑሮ ፍለጋ ከደቡብ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ተሰደዋል። የገዛ አገራቸውን ድንበር ሳይሻገሩ ስደተኛ ሆኑ። ጄመርሰንም በ1954 ከእናቱ ጋር ኑሮውን የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ በሆነችው በዲትሮይት አደረገ። ዕድሜው 18 ዓመት ነበር።

በዲትሮይት ኖርዝዌስተርን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን የእንጨት ቤዝ፣ ኮንትራባሱን፣ የተማረው እዚያ ነው። ብዙም ሳይቆይ በከተማዋ የብሉዝና የጃዝ ቤቶች ምሽት ምሽት መጫወት ጀመረ። ዕድሜው መጠጥ ወደሚሸጥበት ቤት ለመግባት ገና ስላልደረሰ ከፖሊስ የፈቃድ ወረቀት ማውጣት ነበረበት። ዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሙዚቃ ትምህርት ዕድል ሲሰጠው አልተቀበለም፤ እየሠራ መማርን መረጠ።

ያ የምሽት ሥራ ሰዎች የሚያውቁትንና የሚወዱትን ዘፈን መልሶ መጫወት ነው፤ ልክ እንደ ወንድማችሁ ባንድ። አድማጭ እያጨበጨበ ሌላ ዘፈን ይጠይቃል፣ ቤዚስቱ ባያጠናውም መከተል አለበት። ጄመርሰን ጆሮውን የሳለው እዚያ ነው።

ምድር ቤቱ

በ1959 ቤሪ ጎርዲ የሚባል፣ ቀድሞ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ ሰው፣ ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ የሸክላ ኩባንያ አቋቋመ። ይህ ኩባንያ በኋላ ዓለም ያወቀው ሞታውን ነው። ስቱዲዮው ዌስት ግራንድ ቡልቫርድ በሚባለው ጎዳና ላይ ያለ ተራ መኖሪያ ቤት ነበር። የቀረጻው ክፍል በጣም ጠባብና ገመድ በየቦታው የተንጠለጠለበት በመሆኑ ሙዚቀኞቹ የእባብ ጉድጓድ ብለው ሰየሙት። ጄመርሰን ከዚያው ዓመት ጀምሮ የዚህ ጉድጓድ ቋሚ ሠራተኛ ሆነ። እሱና ጓደኞቹ ራሳቸውን ፈንክ ብራዘርስ ብለው ይጠሩ ነበር።

ቀን ቀን ይቀርጻሉ፣ ማታ ማታ የጃዝ ቤት ይጫወታሉ። ቴምፕቴሽንስ፣ ሱፕሪምስ፣ ፎር ቶፕስ፣ ስቲቪ ዋንደር፣ ማርቪን ጌይ የዘፈኑባቸው አብዛኞቹ የ1960ዎቹ ሥራዎች ላይ የሚሰማው ያው አንድ ቡድን ነው። ከ20 በላይ ዘፈኖች የእሱን ቤዝ ይዘው የአሜሪካ ተወዳጅ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ቁንጮ ላይ ወጥተዋል። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ እንኳ ቤዝ ሲጫወት ጄመርሰንን እንደ አርአያ ይመለከት እንደነበር በተደጋጋሚ ተናግሯል።

አንዲት ጊታር፣ አንድ ጣት

አሁን ወደ መደብሩ ጥያቄ እንመለስ። ሊዮ ፌንደር የተባለ አሜሪካዊ በ1951 ፕሪሲዥን የሚባለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ለገበያ አቅርቦ ነበር። እንደ ጊታር አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ለመሸከም ቀላልና ድምፁ በኤሌክትሪክ የሚጎላ ነው። ጄመርሰን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከኮንትራባሱ ወደዚህ ዞረ። በጣም የታወቀችው መሣሪያው በ1962 የተሠራች ፕሪሲዥን ናት።

ያቺ መሣሪያ ምንም ጌጥ አልነበራትም። የተወጠረባት ላ ቤላ የሚባል፣ ገጹ ልሙጥ የሆነ ወፍራም ክር ነው። ጄመርሰን ክሩ እስኪበጠስ ድረስ አይቀይረውም ነበር። ክሩ ባረጀ ቁጥር የሚያንቃጭለው ድምፅ ይጠፋና ወፍራሙና ለስላሳው ይቀራል፤ እሱ የሚፈልገውም ያንን ነው። ክሮቹ ከታች በሚታሰሩበት በኩል፣ በብረቱ ክዳን ሥር፣ ቁራጭ ስፖንጅ ነበረ። ስፖንጁ ድምፁ ሳይንዛዛ ቶሎ እንዲቆም ያደርገዋል። ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ከፍ ብለው የተወጠሩ በመሆናቸው ሌላ ሰው ቢይዛት ጣቱ ይደክም ነበር። በኮንትራባስ የጠነከረ እጅ ግን ይችላቸዋል። ክሮቹን የሚመታው በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ስለነበር ጓደኞቹ ያችን ጣት መንጠቆ ይሏት ነበር። በስቱዲዮው ውስጥ በአምፕሊፋየር ፋንታ መሣሪያውን በቀጥታ ከመቅረጫው ጋር ያገናኘው ነበር።

እንግዲህ አንዲት ጊታር፣ ያረጀ ክር፣ ቁራጭ ስፖንጅና አንድ ጣት የአንድ ዘመን የሙዚቃ ድምፅ ሆኑ ማለት ነው። ወንድማችሁ ውዱን ካልገዛችሁልኝ ካለ ይህን ንገሩት። አንገቱ ያልተጣመመ፣ ገመዱ ሲሰካ የማይንኮሻኮሽ ያገለገለ ባለ አራት ክር ቤዝ ይበቃዋል። ልሙጥ ክር ጨምሩለት፤ ስፖንጁን ከማጀት ያገኛል።

የዘፈን ምርጫውንም ከዚሁ ሰው መማር ይችላል። የቴምፕቴሽንስን «ማይ ገርል» ያስቀድም። ይህ የ1964 ሥራ የሚጀምረው በጄመርሰን ቤዝ ብቻ ነው፤ ጊታሩ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቂት ድምፆች፣ በመካከላቸው ዝምታ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ምቱን ሳያዛቡ መያዝ ትዕግሥት ይፈልጋል። ስቲቪ ዋንደር የተጫወተውን «ፎር ዋንስ ኢን ማይ ላይፍ» ደግሞ በኋላ ይሞክረው። በዚያ ዘፈን ላይ ቤዙ ከዳር እስከ ዳር መልኩን እየቀያየረ ይሄዳል፤ ነገር ግን አንድም ጊዜ የዘፋኙን መንገድ አይዘጋም። የቤዚስት ጨዋነት ይህ ነው። ለባንድ ዘፈን ሲመረጥም መጠየቅ ያለበት፣ እኔ ጎልቼ እታያለሁ ወይ የሚለው ሳይሆን ከድራም መቺው ጋር አብረን እንይዘዋለን ወይ የሚለው ነው። ጄመርሰንም ቤኒ ቤንጃሚን ከሚባለው ድራም መቺ ጋር እንደ አንድ ሰው ይተነፍስ ነበር።

ስም የሌለበት ሸክላ

ይህን ሁሉ ሲሠራ የሸክላው ሽፋን ላይ ስሙ አይጻፍም ነበር። ዘፋኙ፣ ደራሲውና ኩባንያው ይጠቀሳሉ፤ የእባብ ጉድጓዱ ሰዎች ግን አይታወቁም። መጀመሪያ ላይ የሚከፈላቸው በዘፈን ቁጥር ነበር፣ ያውም ጥቂት ዶላር። ሸክላው ሚሊዮን ቢሸጥም ለእነሱ የሚጨመር ነገር የለም። ለሌላ ኩባንያ ተደብቀው ሲቀርጹ ከተገኙ ደግሞ ይቀጡ ነበር። እውነቱን ለመናገር በኋላ ክፍያው ተሻሽሏል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጄመርሰን በሳምንት እስከ 1000 ዶላር ይከፈለው ነበር፤ ለዚያ ጊዜ ጥሩ ገንዘብ ነው። ቤተሰቡንም በደንብ አኖረ። ያልተከፈለው ስሙ ነው።

በሞታውን ትልቅ ሥራ ላይ ስሙ መጀመሪያ የታተመው የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎዪንግ ኦን» አልበም በ1971 ሲወጣ ነው። የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን የቀረጹ ዕለት ማርቪን ጌይ ሌላ ቤዚስት አልፈልግም ብሎ ጄመርሰንን ከመጠጥ ቤት ፈልጎ እንዳመጣው፣ እሱም መቀመጥ አቅቶት ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ እንደተጫወተ ይነገራል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጀብድ ያወራዋል። ለእኔ ግን የሚያሳዝን ታሪክ ነው። ለ12 ዓመታት ያህል የተጠበቀው ስም ሲጻፍ ሰውየው በመጠጥ እየተጎዳ ነበር።

በ1972 ሞታውን ዋና ጽሕፈት ቤቱን ወደ ሎስ አንጀለስ አዛወረ። ዲትሮይት የቀሩት ሙዚቀኞች እንጀራቸው በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። ጄመርሰን ሥራውን ተከትሎ እንደገና ተሰደደ፤ ሆኖም በ1973 ከኩባንያው ጋር የነበረው ውል አበቃ። ለጥቂት ዓመታት በሌሎች ስቱዲዮዎች ሠራ፣ ተወዳጅ የሆኑ ዘፈኖች ላይም ተጫወተ። ዘመኑ ግን ተቀየረ። አዘጋጆች ብሩህ ድምፅ ያለው አዲስ ክር፣ በአውራ ጣት የሚመታ አዲስ ስልትና ተደጋጋሚ መስመር ፈለጉ። እሱ አሮጌ ክሩን አልቀየረም። ትናንት ያከበረው ጽናት ዛሬ ሥራ አሳጣው፤ መጠጡም የቀረውን በላው።

መጋቢት 25 ቀን 1983 ሞታውን 25ኛ ዓመቱን ለማክበር በፓሳዲና ትልቅ ዝግጅት አደረገ። ማይክል ጃክሰን ወደ ኋላ የሚንሸራተተውን ዳንሱን በመድረክ ያሳየው ያን ምሽት ነው። ጄመርሰን ግን እንዳልተጋበዘ፣ እንደማንኛውም ሰው ቲኬት ገዝቶ ከላይ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እንዳየ ይነገራል። ከአራት ወር በኋላ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1983 በሎስ አንጀለስ አረፈ። ጉበቱ፣ ልቡና ሳንባው ታመው ነበር። ዕድሜው 47 ዓመት ነበር። ሊሞት ቀናት ሲቀሩት ያችን የ1962 ጊታሩን ሌባ ከቤቱ ወስዶበታል። አስከሬኑ ወደ ዲትሮይት ተመልሶ ተቀበረ።

ከሞት በኋላ የመጣ ስም

በ1989 ስለ ሕይወቱና ስለ አጨዋወቱ መጽሐፍ ታተመ። በ2000 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ከአጃቢ ሙዚቀኞች መጀመሪያ ካከበራቸው መካከል አንዱ እሱ ሆነ። በ2002 ስለ ፈንክ ብራዘርስ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ያልታወቁትን ወታደሮች ለዓለም አስተዋወቀ። ዛሬ በየትኛውም አገር የሰው ዘፈን እየተጫወተ እንጀራውን የሚበላ ቤዚስት፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ከጄመርሰን ተበድሯል።

የእኛም አገር ዘፈን ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1960ዎቹና 70ዎቹ የአዲስ አበባና የአስመራ ሙዚቀኞች የአሜሪካንን የሶል ሙዚቃ በሸክላና አስመራ በነበረው የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ ይሰሙ ነበር። ከዚያ ዘመን የተነሳው አይቤክስ ባንድ፣ ኋላ ሮሃ ባንድ የሆነው፣ ስንቱን ዘፋኝ አጅቦ ስንት ካሴት ሠርቷል! የዘፋኞቹን ስም ሁላችንም እናውቃለን። የቤዝ ተጫዋቹን የጆቫኒ ሪኮን ስም ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ስለዚህ ማታ ሥራ ጨርሳችሁ ክፍላችሁ ስትገቡ አንድ ነገር ሞክሩ። የስልኩ ድምፅ ማጉያ ቤዝ ስለማያሰማ ማዳመጫ ጆሯችሁ ላይ አድርጉ። የምትወዱትን ዘፈን ክፈቱና ዘፋኙን ለጊዜው ተዉት። ከሥር የሚሄደውን ወፍራም ድምፅ ብቻ ተከተሉ። ስታገኙት ዘፈኑ ሌላ ሆኖ ይሰማችኋል፤ አንድ ሰው ከታች ሆኖ ሁሉንም ተሸክሞ ሲሄድ ትሰማላችሁ።

የሌላ ሰው ቤት በእናንተ እጅ ቆሞ ሲያድር ስማችሁን የሚያነሳ እንግዳ እንደሌለ እናንተ ታውቁታላችሁ። ይህ ሰውም ያውቀው ነበር። ወንድማችሁ ደግሞ ቤዙ በእጁ ሲገባ አንድ ነገር አስገቡት፤ መድረክ ላይ የባንዱ አባላት ሲተዋወቁ ከኋላ የቆመውም በስሙ ይጠራ።