ፍሪትዝ ዝዊኪና የጋላክሲዎች መዝገብ

ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1898 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በቡልጋሪያ ቫርና ከተማ ከስዊዘርላንዳዊ አባት ተወለደ። በዙሪክ ፊዚክስ ተምሮ በ1925 ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረ። በኤሮጄት ኩባንያ የሮኬት ምርምርን ለዓመታት ስለመራም ለመሐንዲስነት ሙያ ባዳ አልነበረም።

በ1933 ኮማ በተባለው የጋላክሲዎች ክምችት ውስጥ ጋላክሲዎቹ የሚጓዙበትን ፍጥነት መረመረ። ፍጥነቱ እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ፣ የሚታየው ቁስ አካል ብቻውን በስበቱ ክምችቱን አሰባስቦ ሊይዘው እንደማይችል፣ ከሚታየው የሚበልጥ የማይታይ ቁስ አካል መኖር እንዳለበት ደመደመ። ሐሳቡ በቂ ትኩረት ያገኘው ከአርባ ዓመታት ያህል በኋላ ነው። ለዚህ መዘግየት የዝዊኪ ሻካራ ጠባይም ሳያግዝ አልቀረም፤ ከባልደረቦቹ ጋር የተስማማበት ጊዜ ጥቂት ነበር።

ከ1961 እስከ 1968 ከረዳቶቹ ጋር ወደ 30,000 የሚጠጉ ጋላክሲዎችን የያዘ መዝገብ በስድስት ጥራዝ አሳተመ። ፎቶግራፎችን አንድ በአንድ እየመረመሩ፣ የያንዳንዱን ጋላክሲ ሥፍራና ድምቀት መመዝገብ ትዕግሥት አስጨራሽ ሥራ ነው። ይሁንና ዝዊኪ ክምችቶች ተያይዘው ከዚያ የገዘፈ አካል ይሠራሉ የሚለውን የደ ቮኩለር አስተያየት አጥብቆ ተቃወመ። በ1974 ፓሳዴና ውስጥ አረፈ።

በ1986 የሃርቫርድና ስሚዝሶንያን ማዕከል ተመራማሪዎች ከዚሁ መዝገብ 1,100 ያህል ጋላክሲዎችን መርጠው፣ ብርሃናቸው ወደ ቀይ ያዘነበለበትን መጠን በመለካት ርቀታቸውን አሰሉ። ጋላክሲዎቹ ባዶ ሥፍራዎችን እንደ አረፋ ግድግዳ ከበው ተገኙ፤ ከመካከላቸውም ዝዊኪ ክምችቱን የመዘነው ኮማ ነበር።