ጄምስ ፍራንክሊን ሃይድ፤ መስተዋትን ከተን የሠራ ኬሚስት

ብዙዎቻችን መስተዋት የሚሠራው አሸዋን በእሳት በማቅለጥ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን እጅግ ንጹሕ የሆነው መስተዋት የሚገኘው ከተን ነው። ይህን መንገድ የከፈተው አሜሪካዊው ኬሚስት ጄምስ ፍራንክሊን ሃይድ ስለሆነ፣ የሕይወት ታሪኩን ለአንባብያን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሃይድ በ1903 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት ሶልቬይ በምትባል ስፍራ ተወለደ። በሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በ1928 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ ጥቂት ጊዜም በሃርቫርድ ምርምር አደረገ። በ1930 ኮርኒንግ የተባለው የመስተዋት ፋብሪካ ቀጠረው። የተማረው የካርቦን ውሑዶችን ኬሚስትሪ ስለ ነበር፣ በመስተዋት ሠሪዎች መካከል እንደ እንግዳ ነበረ።

በዚያ ዘመን መስተዋት ሠሪዎችን ያስቸገረ አንድ ነገር ነበር። ንጹሕ ሲሊካ፣ ይኸውም የአሸዋ ዋናው ክፍል፣ ለመቅለጥ 1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። በቀለጠም ጊዜ እጅግ ወፍራም ስለሆነ በውስጡ የታሰረው አየር በቀላሉ አይወጣም። በአሸዋው ውስጥ ያለው ብረትና ሌላውም እድፍ አብሮ ይቀራል፤ የማቅለጫው ዕቃም ሌላ እድፍ ይጨምርበታል።

በ1934 ሃይድ አሸዋውን ትቶ ሌላ ዘዴ ያዘ። ሲሊኮን ቴትራክሎራይድ የተባለውን ፈሳሽ ወሰደ። ይህ ፈሳሽ በ58 ዲግሪ ያህል ስለሚፈላ ቶሎ ይተናል፤ የብረት ክሎራይድ ግን ከ300 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ወደ ኋላ ይቀራል። ሃይድ ተኑን ወደ ነበልባል አስገባው። በነበልባሉ ውስጥ ካለው የውሃ ተን ጋር በተገናኘ ጊዜ ክሎሪኑ ከሃይድሮጅን ጋር ተዋሕዶ በጋዝ መልክ ሄደ። ሲሊካው ግን ጥቀርሻ በድስት ቂጥ ላይ እንደሚለጠፍ፣ የደቀቀ ነጭ ብናኝ ሆኖ ተለጠፈ፤ በሙቀቱም ኃይል ተዋሕዶ የጠራ መስተዋት ሆነ። ሃይድ ለፓተንት ያመለከተው በዚያው ዓመት ሲሆን የተፈቀደለት ግን በ1942 ነው። በዚህም ሳይወሰን ሲሊኮንን ከካርቦን ውሑዶች ጋር በማጣመር፣ ሙቀትን የሚችሉ ዘይቶችና ጎማዎች ለሚሠሩበት ኢንዱስትሪ መሠረት ጣለ።

የነበልባሉ ዘዴ ታላቅ ፍሬ የታየው ዘግይቶ ነው። በ1970 ሮበርት ሞረር፣ ዶናልድ ኬክና ፒተር ሹልዝ በዚያው በኮርኒንግ ይህን ዘዴ ተጠቅመው የመስተዋት ክር ሠሩ። በቀድሞው ክር ብርሃኑ ጥቂት አሥር ሜትሮች ሄዶ ይጠፋ ነበር፤ በአዲሱ ግን ከአንድ ኪሎሜትር በኋላ እንኳ ከመቶ አንድ እጅ የሚበልጠው ደረሰ። ዛሬ የስልክና የኢንተርኔት መልእክት ባሕር የሚሻገረው ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ በመጣው የመስተዋት ክር ነው። በ1990 ወደ ጠፈር የተላከው የሀብል ቴሌስኮፕ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ዋና መስተዋትም፣ ቲታኒየም ተጨምሮበት በነበልባል ዘዴ ከተገኘ ሲሊካ የተሠራ ነው።

ሃይድ በ1999 በ96 ዓመቱ ዐረፈ።

እኛ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የትኛውን ትምህርት እንምረጥ እያልን የምንጨነቅበት ጊዜ ነው። የመረጥነው ትምህርት ከምናገኘው ሥራ ጋር የማይገጥም ቢመስለን እንኳ ተስፋ ልንቆርጥ አይገባም። መስተዋት ሠሪዎች ሁሉ እቶናቸውን ለማጋል ሲደክሙ፣ የተሻለውን መንገድ ያገኘው ከሌላ ትምህርት የመጣው ሰው ነውና።