ኃይል በድካም፦ የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ቤተ ክርስቲያናችን በጽኑ ፈተና ውስጥ ነበረች። አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ካቶሊክ እምነት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲከተላቸው አስገደዱ። በዚያ ዘመን ጸንተው ከቆሙት አንዷ እናታችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት።

እናታችን ከአባቷ ከባሕር ሰገድና ከእናቷ ከክርስቶስ ዕበያ፣ ከመኳንንት ወገን ተወለደች። ለዐቅመ ሔዋን ስትደርስም የንጉሡ ባለሟል ለሆነው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ዐረፉ። የቤቱ ሀብትና ክብር ይህን ኀዘን ሊሸፍነው አልቻለም። ልቧም ከዚህ ዓለም እየራቀ ሄደ።

በ1609 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በንጉሡ ሠራዊት እጅ ተገደሉ። ባሏ በዚያ ዘመቻ ውስጥ ነበረ። ይህን ባወቀች ጊዜ ከእርሱ ጋር መኖርን እንቢ አለች፤ ቤቷን ትታ መነኮሰች። በአገልጋዮች ተከብባ ያደገችው እመቤት በገዳም እህል ፈጨች፣ እንጨት ተሸከመች።

የንጉሡን ሃይማኖት አልቀበልም በማለቷ በችሎት ፊት ቆመች። የካቶሊክ መምህራንም ሊያሳምኗት ብዙ ደከሙ፤ አልተሳካላቸውም። በመጨረሻ ዠበይ ወደሚባል ሩቅ ቆላ ተጋዘች፤ በዚያም ሦስት ዓመት ኖረች።

ገድሏ እንደሚነግረን ጌታችን ብዙ ነፍሳትን እንድትሰበስብ አደራ የሰጣት በዚህ ግዞት ሳለች ነው። እርሷ ግን ራሷን እንኳ ማዳን የማትችል ደካማ መሆኗን ተናግራ አደራውን ፈራች። አምላካችን ድካሟን አይቶ አልተዋትም። ስለ እምነታቸው የተሰደዱ ሰዎች ወደ እርሷ መጡ፤ የግዞቱ ስፍራም የመጀመሪያው ማኅበሯ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስድስት ማኅበራትን ጨምራ ወንዶችንና ሴቶችን በምንኩስና ሥርዓት መራች።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐወጁ። ዙፋንና ሠራዊት ያጸኑት ዐዋጅ ፈረሰ፤ ግዞተኛዋ የሰበሰበችው ማኅበር ግን ጸና። እናታችን ሦስት ወር ታማ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመቷ ዐረፈች። ማኅበሯንም የስደትና የተጋድሎ ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ መራች። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገድሏ ተጻፈ፤ በጣና ዳር በምትገኘው በቆራጣም በስሟ ትታሰባለች።

የተወደዳችሁ ምእመናን! እግዚአብሔር የሞቱትን ልጆቿን አልመለሰላትም፤ ከግዞትም ከሕመምም አላስቀራትም። በኀዘኗና በስደቷ ውስጥ ግን ከእርሷ ጋር ሠራ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው ጸጋ እንጂ ዕረፍት እንዳልነበረ ሁሉ፣ ለእርሷም የተሰጣት መጽናት ነው። ዛሬም ልጁን የቀበረ፣ በሕመም አልጋ ላይ የዋለ፣ ከቀዬው የተፈናቀለ ወገናችን ብዙ ነው። ድካማችን ከእግዚአብሔር የመራቃችን ምልክት ነው ብለን ተስፋ አንቁረጥ። እርሷ እንዳደረገችው ድካማችንን ሳንሸሽግ በፊቱ እናቅርብ፤ የተሰጠንንም አደራ እንቀበል።

የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በረከቷና ረድኤቷ ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።