ግራቸው የጠፋባቸው ፕሬዝዳንት፦ ዉድሮው ዊልሰን

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የቴክሳሷ ጋርላንድ አጠገብ፣ በዳላስ ከተማ፣ ከ1928 ጀምሮ በዉድሮው ዊልሰን ስም የሚጠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ኢትዮጵያ በወረራ ዘመን አቤቱታዋን ያሰማችበት የመንግሥታት ማኅበር ሐሳቡን ካራመዱት ቀዳሚው እኒህ 28ኛው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ነበሩ።

ዊልሰን በ1856 በቨርጂኒያ ግዛት ከአንድ ሰባኪ ቤተሰብ ተወለዱ። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሆነው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲን መሩ፤ ቀጥሎም የኒው ጀርዚ አገረ ገዥ፣ በ1913 ደግሞ ፕሬዝዳንት ሆኑ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገራት ጠባቸውን በሸንጎ የሚፈቱበት ማኅበር እንዲቋቋም ፓሪስ ላይ ተሟገቱ።

ሴኔቱ ስምምነቱን ለማጽደቅ በማመንታቱ፣ በ1919 ሕዝቡን ለማሳመን በባቡር አገር ለአገር ዞሩ። ኮሎራዶ ላይ ተዳክመው ወደ ዋሽንግተን ተመለሱ፤ ኦክቶበር 2 ቀን ስትሮክ መታቸው። ግራ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ በስተግራቸው ያለውን ማየትም ተሳናቸው። ስለዚህ ጠያቂዎቻቸው በስተቀኛቸው እንዲሆኑ ይደረግ ነበር።

በዘመኑ የአንጎልን ጉዳት በምስል ማየት አይቻልም ነበር። ሆኖም ምልክቶቹ ሐኪሞች የቀኙ ፓራይታል ሎብ ሲጎዳ ከሚያዩት ጋር ይመሳሰላሉ። ከአናት ሥር ወደ ኋላ ገባ ብሎ የሚገኘው ይህ የአንጎል ክፍል የመዳሰስ ስሜትን ይቀበላል፤ እጅና እግራችን የት እንዳሉ ሳናይ እንድናውቅ፣ ርቀትና አቅጣጫን እንድንለይ ያግዛል። የቀኙ ሲጎዳ አንዳንድ ሕሙማን ከሳህናቸው የቀኙን ግማሽ ብቻ ይበላሉ፤ ጺማቸውን በአንድ ወገን ብቻ ይላጫሉ። መታመማቸውን ፈጽሞ የማይገነዘቡም አሉ።

ባለቤታቸው ኢዲትና ሐኪማቸው ኬሪ ግሬሰን የሕመሙን ክብደት ከሕዝብ ሸሸጉ። ዊልሰን ግን በ1920 ለሦስተኛ ጊዜ የመመረጥ ተስፋ ነበራቸው፤ እርሳቸው በሌሉበት ካቢኔውን የሰበሰቡትን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮበርት ላንሲንግንም ከሥልጣን እንዲለቁ አደረጉ። ማሻሻያ የታከለበትን ስምምነት ደጋፊዎቻቸው እንዳያጸድቁም አሳሰቡ። በማርች 1920 ስምምነቱ 49 ለ35 ድምፅ ቢያገኝም ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ሰባት ድምፅ ጎደለው። እምቢታው ከቀድሞ ጠባያቸው ወይስ ከሕመሙ የመነጨ ነው የሚለው የታሪክ ጸሐፊዎችን ሲያከራክር ኖሯል።

ኢትዮጵያ በ1923 የማኅበሩ አባል ሆነች፤ ዊልሰን በተከታዩ ዓመት አረፉ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ጄኔቫ ላይ ለአገራቸው ሲሟገቱ፣ በአባላቱ መካከል አሜሪካ አልነበረችም።

ፕሬዝዳንት ኬኔዲ በ1963 ዳላስ ውስጥ ከተገደሉ በኋላ፣ በ1967 የሕገ መንግሥቱ 25ኛ ማሻሻያ ጸደቀ። አንድ ፕሬዝዳንት ሥራውን መወጣት ሲሳነው፣ ራሱ ባይቀበለው እንኳ፣ ምክትሉና ካቢኔው ሥልጣኑ ወደ ምክትሉ እንዲተላለፍ ማድረግ የሚችሉበት መንገድ ተበጀ። ዊልሰን በታመሙ ጊዜ ይህ መንገድ አልነበረም።