አባ ኢየሱስ ሞዓ ዘሐይቅ፦ ገዳማትን የተከሉ መምህራን መምህር

መግቢያ

ከደጋን ተነሥቶ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደራቀ የሐይቅን ውኃ ያገኛል። ቀድሞ ደሴት በነበረውና ዛሬ ከየብስ ጋር በተያያዘው ስፍራ ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ይህ ስፍራ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለደቡባዊው የኢትዮጵያ ክርስትና የመምህራን መፍለቂያ ሆኖ ነበር። በአምሐራ፣ በሸዋና በጣና አካባቢ ገዳማትን ከመሠረቱት አበው መካከል ስመ ጥር የሆኑት ትምህርታቸውን ወይም ምንኵስናቸውን ከዚህ ቦታ ያያይዛሉ። የዚህ ሁሉ መነሻ ተደርገው የሚታወቁት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጎልተው የሚታዩት ብዙ ጊዜ የሄዱትና የተከሉት ናቸው፤ አስተምረው የላኳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ የአባ ኢየሱስ ሞዓን ሕይወት ከዚህ አንጻር ይመረምራል። መምህሩ ለተካዮቹ ምን ሰጡ? ምንስ ሳይጠይቁ አሰናበቷቸው? ከቤተ መንግሥት የመጣው ድጋፍስ ገዳማቸውን ወዴት ወሰደው? በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ስለ ምንጮቹ

ስለ አባ ኢየሱስ ሞዓ የሚታወቀው በዋናነት ከሁለት ዓይነት ምንጮች የተገኘ ነው። አንደኛው ገድላቸው ሲሆን፣ የተጻፈው ካረፉ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ እንደሆነ ይታመናል። ገድሉ የአንድን ቅዱስ ሕይወት ከመተረክ ባሻገር፣ በተጻፈበት ዘመን የሐይቅን ገዳም ክብርና መብት የማስጠበቅ ዓላማ ነበረው። ሁለተኛው እርሳቸው ራሳቸው ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍና በውስጡ የሠፈሩት ማስታወሻዎች ናቸው። ይህ መጽሐፍ በዘመናቸው የተዘጋጀ በመሆኑ የታሪክ ሚዛኑ ከገድሉ ይከብዳል። ታደሰ ታምራት ስለ ደብረ ሐይቅ አበምኔቶችና ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ግንኙነት ያካሄዱት ጥናት እነዚህን ምንጮች አገናዝቦ ለመረዳት ዋና መሠረት ሆኖ ቆይቷል።

ከዳህና እስከ ደብረ ዳሞ

አባ ኢየሱስ ሞዓ የተወለዱት በ1214 ገደማ በዳህና እንደሆነ ይነገራል። በሠላሳ ዓመት ዕድሜያቸው አካባቢ አገራቸውን ትተው ወደ ትግራይ ወጡና ደብረ ዳሞ ገቡ። ደብረ ዳሞ ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ ለሆኑት ለአቡነ አረጋዊ የሚሰጥ፣ በገመድ ብቻ የሚወጣ ጥንታዊ ገዳም ነው። በዚያን ጊዜ የገዳሙ አበምኔት አባ ዮሐኒ ነበሩ። ወጣቱ መናኝ ከእርሳቸው እግር ሥር ሆነው ሥርዓተ ምንኵስናን ተማሩ፤ የመጻሕፍት ጽሕፈትንም እንደ ሥራ ያዙ።

የዚህን ጉዞ ትርጉም ለመረዳት የዘመኑን የትምህርት መልክዓ ምድር ማስታወስ ይገባል። የታወቁት ገዳማት በሰሜን፣ በተለይም በትግራይ የተከማቹ ነበሩ። ክርስትና ወደ አምሐራና ወደ ሸዋ ቀድሞ የደረሰ ቢሆንም፣ በእነዚህ አገሮች የነበሩት አብያተ ክርስቲያናት ጥቂትና የተበታተኑ ነበሩ። አንድ የሸዋ ተወላጅ ከፍ ያለ ትምህርትና ምንኵስና ቢሻ የብዙ ሳምንታት መንገድ ይጠብቀው ነበር። መንገዱን የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ከሄዱትም ሁሉም አይመለሱም። ስለዚህ የደቡቡ ክርስትና ዋና ችግር አማኝ ማጣት ብቻ ሳይሆን፣ ከአገሩ ሳይርቅ የሚሠለጥን መምህር ማጣትም ነበር።

የሐይቅ ትምህርት ቤት

አባ ኢየሱስ ሞዓ ወደ ሐይቅ የመጡት በ1248 ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከእርሳቸው በፊት ነበረ፤ ትውፊቱ ምሥረታውን እስከ 9ኛው ክፍለ ዘመን፣ እስከ ንጉሥ ድልነዓድ ዘመን ይወስደዋል። እርሳቸው የጨመሩት ከደብረ ዳሞ ያመጡትን ሥርዓተ ገዳምና ትምህርት ቤት ነው። በዚህም ሐይቅ እስጢፋኖስ የቆየ ስም ያለው ደብር ከመሆን አልፎ መነኮሳት የሚያድሩበት፣ የሚማሩበትና የሚላኩበት ማእከል ሆነ።

የስፍራው አቀማመጥ ለዚህ ተግባር የተመቸ ነበር። በሰሜን ላስታና ትግራይ፣ በደቡብ ሸዋ፣ በምዕራብ ቤጌምድርና ጣና፣ በምሥራቅ ወደ ቆላው የሚወርደው አገር ሲሆኑ፣ ሐይቅ የእነዚህ መካከለኛ ነበር። በውኃ መከበቡም ለጸሎትም ለጥበቃም ረዳ። ከአምሐራና ከሸዋ የሚነሣ ተማሪ ከእንግዲህ ደብረ ዳሞ ድረስ መውጣት ግዴታው አልሆነም።

ትምህርቱ በቃል ብቻ አልቀረም። በ1280 ወይም በ1281 አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ፣ ዘመናቸው በእርግጥ ከሚታወቁ ጥንታዊ የግዕዝ ብራና መጻሕፍት አንዱ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የገዳሙን ንብረት የሚመለከቱ ማስታወሻዎችም ተጽፈዋል። የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ብዙ በግና ፍየል፣ የብዙ ወራትም ድካም በሆነበት ዘመን፣ የመጻሕፍት ቤት ያለው ገዳም የቤተ ክርስቲያን ጎተራ ነበር ማለት ይቻላል። አዲስ ገዳም የሚተክል መነኩሴ ድንጋይና እንጨት በሄደበት ያገኛል፤ ወንጌልና መዝሙረ ዳዊት፣ ሥርዓተ ቅዳሴና ግጻዌ ግን ከሌላ መጽሐፍ መገልበጥ አለባቸው። ጸሐፊ የነበሩት አበምኔት ይህን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር።

የተላኩት

ከሐይቅ ተማሪዎች ሁሉ ስማቸው የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የሸዋ ተወላጅ ሲሆኑ፣ በትውፊቱ ስሌት የተወለዱት በ1215 ገደማ ነው። እንግዲህ መምህርና ደቀ መዝሙር በዕድሜ እኩያሞች ነበሩ ማለት ነው። ተክለ ሃይማኖት ዘጠኝ ዓመት ያህል በሐይቅ ከቆዩ በኋላ ወደ ትግራይ ተጉዘው የመምህራቸው መምህር ወደነበሩበት ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። በኋላም በሐይቅ በኩል ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ሸዋ ተመልሰው በ1284 ገደማ በግራርያ ምድር ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ሊባኖስ የተባለው ገዳም ይህ ነው። በጣና ሐይቅ የዳጋ እስጢፋኖስ ትውፊትም መሥራቹን አባ ኂሩተ አምላክን ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት መካከል ይቆጥራል። የዳጋ ቤተ ክርስቲያን ታቦት እንደ ሐይቁ ሁሉ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም መሆኑ የዝምድናው ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል።

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ አንድ ሥርዓት ጎልቶ ይታያል። ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ የሄዱት እንግዳ ሆነው አይደለም፤ የአገሩን ቋንቋ፣ ልማድ፣ ዘመድና መሬት የሚያውቁ የአገር ልጅ ሆነው ነው። ሐይቅ የሰጣቸው ትምህርት፣ ሥርዓትና የምንኵስና ሐረግ ነበር። ደብረ አስቦ ግን የሐይቅ ቅርንጫፍ ሆኖ አልቀረም። የራሱን አበምኔት የሚሾም፣ የራሱን ደቀ መዛሙርት የሚያፈራ ራሱን የቻለ ቤት ሆነ።

ፍሬውም በሚቀጥለው ትውልድ ታየ። ግብጻዊው ጳጳስ አቡነ ያዕቆብ በ1337 ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ በኋላ፣ ከደብረ አስቦው አበምኔት ከአባ ፊልጶስ ጋር ሆነው አሥራ ሁለት ንቡራነ እድ ሾሙ፤ ለእያንዳንዳቸውም የስብከት አገር አከፋፈሉ። ኢየሱስ ሞዓ አንዱን አስተምረው ቢልኩ፣ የአንዱ ቤት ለአሥራ ሁለት አገር መምህራን አበቃ።

የድጋፉ ወሰን

ይሁን እንጂ የሐይቅ አበምኔት ሊሰጡት የማይችሉት ነገር ነበር። መነኩሴን ማስተማርና ማመንኰስ ይችላሉ፤ ቅስናና ዲቁና ግን የሚሰጠው ጳጳሱ ብቻ ነው። ጳጳሱ ደግሞ ከእስክንድርያ የሚመጣ ግብጻዊ ነበር። በ1270ዎቹ ዐፄ ይኵኖ አምላክ ጳጳስ እንዲላክላቸው ለግብጹ ሱልጣን ለበይበርስ ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ጥያቄያቸው ግን በቶሎ ምላሽ አላገኘም። ስለዚህ በአገር ልጅ የተተከለው ቤተ ክርስቲያን ለክህነቱ የሩቅ አገር መልካም ፈቃድና የግብጽ ገዢዎችን በጎነት ይጠብቅ ነበር። ይህ ጥገኝነት ፈጽሞ ያከተመው ኢትዮጵያ በ1959 የራሷን ፓትርያርክ ባገኘች ጊዜ ነው።

ዙፋኑና ገዳሙ

ሌላው ድጋፍ የመጣው ከቤተ መንግሥት ነው። በ1270 የዛጉዬ ሥርወ መንግሥት ወድቆ ይኵኖ አምላክ ሲነግሡ፣ የሐይቅ ገዳም በአዲሱ መንግሥት ማእከል አቅራቢያ ይገኝ ነበር። ገድለ ኢየሱስ ሞዓ ንጉሡን ከሐይቅ ጋር በጥብቅ ያቆራኛቸዋል፤ በአበምኔቱና በንጉሡ መካከል ቃል ኪዳን እንደነበረም ይተርካል። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ግን ይህንኑ ሚና ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። ሁለቱም ትረካዎች የተጻፉት ከድርጊቱ ብዙ ቆይተው በመሆኑ የነገሩን ዝርዝር በእነርሱ ብቻ መወሰን አይቻልም። የማያከራክረው ውጤቱ ነው። የሐይቅ አበምኔቶች ዐቃቤ ሰዓት የተባለውን ማዕርግ ይዘው ለዘመናት ከቤተ መንግሥት ታላላቅ ባለሥልጣናት ተርታ ቆሙ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ለንጉሡ እጅግ ቅርብ ከነበሩት ጥቂቶች አንዱ ነበሩ።

ይህ ክብር ለገዳሙ ጥበቃንና ርስትን አስገኝቷል፤ ዋጋም ነበረው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታቱ በጋብቻ ጉዳይ ከቤተ ክርስቲያን ሕግ ሲወጡ ፊት ለፊት ከገሠጿቸው መካከል የደብረ አስቦው አባ ፊልጶስና አባ በጸሎተ ሚካኤል ይገኙበታል፤ ሁለቱም ለስደት ተዳርገዋል። ከቤተ መንግሥት ራቅ ብሎ፣ በዋሻና በራሱ ጥረት የተጀመረው የልጅ ገዳም የተናገረውን፣ የንጉሡን ማዕርግ የተሸከመው የአባት ገዳም ለመናገር ይከብደው ነበር። ተካዮቹ ከሐይቅ ትምህርቱን ወሰዱ፤ ከዙፋኑ ጋር የነበረውን ዝምድና አብረው ስላልወረሱ ግን ነጻነታቸውን ለተወሰነ ጊዜ ጠብቀው ቆዩ።

የቀዳሚነት ክርክር

የሐይቅና የደብረ ሊባኖስ ዝምድና ከጊዜ በኋላ ወደ ፉክክር ተለወጠ። ማን ለማን ቆብና አስኬማ ሰጠ የሚለው ጥያቄ በገድላትና በምንኵስና ሐረግ መዛግብት ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል። አንደኛው ወገን ኢየሱስ ሞዓን የተክለ ሃይማኖት አባት ያደርጋቸዋል። ሌላው ደግሞ ተክለ ሃይማኖት ከደብረ ዳሞ ሲመለሱ የምንኵስናን ፍጹም ማዕርግ ለቀድሞ መምህራቸው መልሰው እንደሰጡ ይናገራል። ጥያቄው ከሥርዓት በላይ ነበር፤ የቅድሚያን፣ የርስትንና በነገሥታት ፊት የመቀመጫን ጉዳይ ይነካ ነበር።

ሆኖም ክርክሩ ራሱ አንድ እውነት ይመሰክራል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መምህሩ ደቀ መዝሙሩን በውልና በግብር አስሮት ቢሆን ኖሮ፣ በኋላ ማን አባት ማን ልጅ እንደሆነ የሚያከራክር ነገር ባልተገኘ ነበር። ክርክሩ የተነሣው ልጁ ከአባቱ ጋር እስኪተካከል ድረስ ስላደገ ነው።

ማጠቃለያ

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1290ዎቹ መጀመሪያ ዐረፉ፤ ቤተ ክርስቲያንም በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ታስባቸዋለች። ገዳማቸው ከዚያ በኋላ ክብርንም መከራንም አይቷል። በ1531 የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ወደ ሐይቅ ደርሶ የገዳሙን ሀብት ወሰደ። ነገሥታት የሰጡት ወርቅ ሲጠፋ፣ አበምኔቱ ያበረከቱት ወንጌል ግን እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ከሕይወታቸው የሚወጣው ዋና ነጥብ የድጋፍን ዓይነት ይመለከታል። ለአገር ልጅ ተካዮች የሚሰጥ ድጋፍ በሁለት መንገድ ሊሄድ ይችላል። አንዱ ተቀባዩን ከሰጪው ጋር የሚያስር ሀብትና ማዕርግ ነው፤ ሐይቅ ከዙፋኑ የተቀበለው እንዲህ ያለውን ነበር። ሌላው ተቀባዩ ወደ አገሩ ይዞት ሄዶ የራሱ የሚያደርገው ትምህርት፣ መጽሐፍና ሥርዓት ነው፤ ሐይቅ ለደቀ መዛሙርቱ የሰጠው ይህንን ነው። የመጀመሪያው ገዳሙን አከበረ፤ ሁለተኛው ገዳማትን ወለደ። የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን የስብከት ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ ከሄዱት ጋር የላኩትን፣ ከተሰጠው ሀብት ጋር የተሰጠበትን ሁኔታ አብሮ ቢመረምር፣ በገድላቱ የዳር ስም ሆነው የቀሩ ሌሎች መምህራንንም ያገኛል።