ብዕርና ትምህርት ቤት፦ የሮኬያ ሳካዋት ሆሴን ሕይወትና የሥራዎቿ ፖለቲካዊ ገጽታ

የሴት ደራስያን ሥራ ፖለቲካዊ ነው ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የሥራው ይዘት ነው። የቤንጋሏ ደራሲ የሮኬያ ሳካዋት ሆሴን ሕይወት ግን የጽሑፉን ዓይነት መምረጥም ፖለቲካዊ ውሳኔ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ይህ አጭር ጽሑፍ ምርጫዋን በሕይወት ታሪኳ ቅደም ተከተል ይመረምራል። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮኬያ በ1880 በብሪታንያ ሥር በነበረችው ሕንድ፣ ዛሬ የባንግላዴሽ አካል በሆነው ራንግፑር፣ በፓይራባንድ መንደር ከሙስሊም ባለርስት ቤተሰብ ተወለደች። ሴቶችን ከባዕድ ዓይን የሚሰውረው የፐርዳ ልማድ በቤቱ እጅግ ጥብቅ ስለነበር፣ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ከማታውቃቸው ሴቶች እንኳ እንድትሸሸግ ትገደድ ነበር። ወንድሞቿ ዘመናዊ ትምህርት ሲማሩ ለእሷ ተከለከለ። ቤንጋልኛና እንግሊዝኛ የተማረችው በታላቅ እህቷ በካሪሙኔሳና በታላቅ ወንድሟ በኢብራሂም ሳቤር እርዳታ ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ ያገባት የባጋልፑር የመንግሥት ሹም ሳካዋት ሆሴን እንድትጽፍ ያበረታታት ነበር።

በ1904 በአንድ የቤንጋልኛ መጽሔት ያወጣችው መጣጥፍ የሴቶችን መዋረድ መንስኤ የሚመረምር ሲሆን፣ የሃይማኖት ሕግጋት ለወንዶች የበላይነት መሣሪያ መሆናቸውን በግልጽ ይተች ነበር። መጣጥፉ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። በኋላም «ሞቲቹር» በተሰኘው መድበሏ ሲካተት አምስት አንቀጾች ወጥተውለት ነበር። የቀጥታ ክርክር ወሰን በእነዚህ አንቀጾች ጎልቶ ይታያል።

በ1905 በማድራስ በሚታተም የሴቶች መጽሔት ያወጣችው «የሱልጣና ሕልም» ግን መንገዱን ለወጠ። በእንግሊዝኛ በተጻፈው በዚህ ምናባዊ ትረካ ወንዶች በቤት ተወስነው ሴቶች በሳይንስ አገር ያስተዳድራሉ፤ ጠላትንም በፀሐይ ሙቀት ድል ይነሣሉ። ትረካው ስለ ፐርዳ ተገቢነት በቃል አይከራከርም፤ ሥርዓቱን ገልብጦ ያሳያል እንጂ። አንባቢ የሚስቀው በተገለበጠው ሥርዓት ቢሆንም ፍርዱ የሚያርፈው በነባሩ ላይ ነው።

ባለቤቷ በ1909 ሲሞት፣ ለሴቶች ትምህርት ባስቀረላት ገንዘብ በባጋልፑር አምስት ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት ከፈተች። በ1911 ወደ ካልካታ አዛውራ በስምንት ልጃገረዶች እንደገና ጀመረችው። በ1916 ደግሞ የሙስሊም ሴቶች ማኅበር አቋቋመች። ትምህርት ቤቱ የቆመው በወላጆች አመኔታ ነበርና፣ ፐርዳን አጥብቃ የምትተቸው ደራሲ ራሷ በአደባባይ ተሸፋፍና ትታይ ነበር። ይህን የአቋም መዋዠቅ አድርጎ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን ብዕሯ የሚጠይቀውን ለውጥ በተግባር የሚያመጣው ትምህርት ቤቱ ስለነበር፣ እሱን ለማቆየት የተከፈለ ዋጋ ነው ማለቱ የበለጠ ያሳምናል።

በ1924 የታተመው «ፓድማራግ» የተባለው ልቦለዷ ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያላቸው ሴቶች በኅብረት የሚሠሩበትን ተቋም ይስላል፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይም ከትዳር ይልቅ ሥራን ትመርጣለች። በ1931 የወጣው «አባሮድባሲኒ» ግን ምናብን ትቶ ወደ ምስክርነት ይዞራል። አርባ ሰባት አጫጭር ዘገባዎችን ይዟል። በአንደኛው በባቡር ሐዲድ ላይ የወደቀችን ሴት ወንዶች እንዳይነኳት ስለተከለከሉ ባቡር ይገድላታል። የመጨረሻው ዘገባ የራሷን ትምህርት ቤት አውቶቡስ ይመለከታል። ዙሪያው ሲሸፈን ሕፃናቱ በመታፈን ይታመማሉ፤ መጋረጃው ነፋስ ሲያስገባ ደግሞ ፐርዳ ተጣሰ የሚል የዛቻ ደብዳቤ ይመጣል። ደራሲዋና መምህርቷ በአንድ አጣብቂኝ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ሮኬያ ታኅሣሥ 9 ቀን 1932 በካልካታ ስታርፍ፣ ስለ ሴቶች መብት የጀመረችው መጣጥፍ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። ትምህርት ቤቷ ግን ዛሬም በዚያችው ከተማ ያስተምራል። ስለዚህ ሥራዎቿን የሚያጠና ተመራማሪ ጽሑፎቹን ለብቻቸው ከማንበብ ይልቅ፣ ከተሰረዙት አንቀጾችና ከዚያ ትምህርት ቤት ጋር አዛምዶ ቢያነባቸው ፖለቲካቸውን በተሟላ ሁኔታ ይረዳል።