ቪክቶር አምባርትሱሚያን፡- ክዋክብት ዛሬም እንደሚወለዱ ያሳዩት ምሁር

እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በርካታ ተመራማሪዎች ክዋክብት ከቢሊዮን ዓመታት በፊት በአንድ ዘመን ተፈጥረው ያበቁ ናቸው የሚል እምነት ነበራቸው። ይህን አመለካከት በመለወጥ ረገድ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሣ ምሁራን መካከል አርመናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ቪክቶር አምባርትሱሚያን ይገኙበታል።

አምባርትሱሚያን እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 1908 የዛሬዋ የጆርጂያ ዋና ከተማ በሆነችው ትብሊሲ ተወለዱ። አባታቸው የሆሜርን ኢሊያድ ወደ አርመን ቋንቋ የተረጎሙ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ነበሩ። አምባርትሱሚያን በሌኒንግራድ ዩኒቨርሲቲ የተከታተሉትን ትምህርት በ1928 አጠናቀው በፑልኮቮ የሥነ ፈለክ ማዕከል ከፍተኛ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በ1934 ደግሞ በዩኒቨርሲቲው በሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያ የሆነውን የአስትሮፊዚክስ ትምህርት ክፍል አቋቋሙ።

ይሁን እንጂ ዘመኑ ለምሁራን አስጊ ነበር። ከ1936 ጀምሮ በተካሄደው የእስርና የግድያ ዘመቻ የፑልኮቮ ማዕከል በርካታ ተመራማሪዎቹን ያጣ ሲሆን፣ የአምባርትሱሚያን የቅርብ የሥራ ባልደረባ የነበሩት ኒኮላይ ኮዚሬቭም ለረጅም ዓመታት እስር ተዳርገዋል። አምባርትሱሚያን ከዚህ አደጋ ቢተርፉም ብዙም ሳይቆይ ጦርነት ተከተለ። በ1941 ከሌኒንግራድ ወደ የላቡጋ ከተማ የተዛወረውን የዩኒቨርሲቲውን ቅርንጫፍ የመምራት ኃላፊነትም ተሰጣቸው።

በጦርነቱ ወቅት በትውልድ ሕዝባቸው መካከል ለመሥራት ወደ አርመኒያ ያቀኑት ምሁሩ፣ በ1946 በአራጋትስ ተራራ ግርጌ በምትገኘው ቢዩራካን መንደር የሥነ ፈለክ ምርምር ማዕከል መሠረቱ። በስፋት የሚታወቁበትን ግኝት ይፋ ያደረጉት ከአንድ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ለዚህም በዋናነት የተጠቀሙት ትልቅ ቴሌስኮፕን ሳይሆን ቀደም ሲል የተሰበሰቡ መረጃዎችንና የሒሳብ ስሌትን ነበር።

አምባርትሱሚያን ትኩረታቸውን የሳበው እጅግ ትኩስና ግዙፍ የሆኑ ሰማያዊ ክዋክብት በሰማይ ላይ በዘፈቀደ የተበተኑ ሳይሆኑ ሰፊና ልል በሆኑ ስብስቦች የሚገኙ መሆናቸው ነው። ለእነዚህ ስብስቦችም የክዋክብት ማኅበራት የሚል ስያሜ ሰጡ። በአንድ ማኅበር ውስጥ ያሉ ክዋክብት እርስ በርስ እጅግ የተራራቁ በመሆናቸው በስበት ኃይል ተሳስበው ሊቆዩ አይችሉም። የጋላክሲው የስበት ኃይልም በጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ይበታትናቸዋል። በመሆኑም ስብስቡ እስካሁን ሳይበተን መታየቱ አባላቱ ወጣት ለመሆናቸው ማረጋገጫ ነው። ፀሐይ 4 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት መሆኑ ሲታይ፣ ግኝቱ ክዋክብት ዛሬም በመወለድ ላይ መሆናቸውን የሚያመለክት ነበር።

ምሁሩ ማኅበራቱ በመስፋፋት ላይ ሊሆኑ እንደሚገባም አስቀድመው ገልጸዋል። ኔዘርላንዳዊው አድሪያን ብላው በ1952 ባወጡት ጥናት በፐርሲየስ የክዋክብት ምድብ የሚገኝ አንድ ማኅበር አባላት እየተራራቁ መሆናቸውን ከእንቅስቃሴያቸው በመለካት ለሐሳቡ ድጋፍ ሰጥተዋል።

ሆኖም ሁሉም የአምባርትሱሚያን ሐሳቦች ተቀባይነት አላገኙም። እርሳቸው ክዋክብት የሚፈጠሩት እጅግ ከታመቁ ጥንታዊ አካላት ፍንዳታ ነው የሚል እምነት የነበራቸው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች ግን ክዋክብት ከቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመናዎች መሰብሰብ እንደሚወለዱ አረጋግጠዋል። የግዙፎቹ ክዋክብት ብርቱ ጨረርና ነፋስ የተረፈውን ጋዝ ጠርጎ ሲያባርር ስብስቡን ይዞ የነበረው ስበት ይላላል፣ አባላቱም ይራራቃሉ። በ2013 ወደ ሕዋ የመጠቀችው ጋያ የተሰኘች የአውሮፓ ሳተላይት ያሰባሰበችው መረጃ ደግሞ በርካታ ማኅበራት ከአንድ የታመቀ ማዕከል ብቻ የመነጩ ሳይሆኑ፣ ገና ከጅምሩ ተራርቀው የተወለዱ ንዑስ ስብስቦችን የያዙ መሆናቸውን አሳይቷል።

አምባርትሱሚያን ከምርምሩ ጎን ለጎን ከፍተኛ የአመራር ኃላፊነቶችን ተወጥተዋል። የአርመኒያን የሣይንስ አካዳሚ ከ1947 እስከ 1993 በፕሬዚዳንትነት የመሩ ሲሆን፣ ከ1961 እስከ 1964 የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። በ1990 በናጎርኖ ካራባክ ጉዳይ በሞስኮ በተካሄደ የረሃብ አድማ ላይም በሰማንያ ዓመት ዕድሜ ክልል ሆነው ተሳትፈዋል።

ፕሮፌሰር ቪክቶር አምባርትሱሚያን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1996 በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው በቢዩራካን ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አገራቸውም በ1998 ባወጣችው የ100 ድራም የገንዘብ ኖት ላይ ምስላቸውን በማስፈር ያበረከቱትን አስተዋጽኦ ዘክራለች። የመሠረቱት ማዕከልም ስማቸውን ይዞ ቀጥሏል።